ከጽሑፉ በፊት ያለው ሰው፦ ድንገቴ ፈጠራና የገጸ ባሕርይ አገነባብ

መግቢያ

በስደት በምንኖርባቸው ከተሞች አንድ የአማርኛ ተውኔት ታይቶ ሲያበቃ፣ ከአዳራሹ የሚወጣው ተመልካች ከሚሰነዝራቸው አስተያየቶች አንዱ ደጋግሞ ይሰማል፤ «ንግግሩስ ግሩም ነበር፤ ሰው ግን አላየሁም» የሚለው ነው። አስተያየቱ በጨዋነት የተሸፈነ ወቀሳ ነው። ካድሬው ይጮኻል፤ እናት ታለቅሳለች፤ ባላገሩ በአነጋገሩ ያስቃል፤ ምሁሩ መነጽሩን እያስተካከለ ይፈላሰፋል። አራቱንም እናውቃቸዋለን፤ ይሁን እንጂ የምናውቃቸው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ማኅተም ነው። ማኅተም ደግሞ ስንት ጊዜ ቢመታ የሚያወጣው ያንኑ ቅርጽ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተዋናይ ከማኅተም ወጥቶ የሚታመን ገጸ ባሕርይ የሚገነባበትን አንዱን መንገድ፣ ማለትም በልምምድ ጊዜ ያለ ጽሑፍ የሚደረገውን ፈጠራ፣ ምንነቱንና አሠራሩን ማስረዳት ነው። ጉዳዩ የመድረክ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይመስለንም። ስደተኛ ከሀገሩ ይዞት የሚወጣው ዋና ሀብት ትዝታ ነው፤ ትዝታ ግን ዓመታት በተደራረቡበት ቁጥር ሰውን ወደ ሥዕል፣ ሥዕልንም ወደ ምልክት ይለውጠዋል። ስለ ትናንቱ የፖለቲካ ታሪካችን የምንጽፈውም ሆነ የምንከራከረው ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ምልክቶች አማካይነት ነው። ተዋናይ ምልክትን መልሶ ሰው የሚያደርግበትን ዘዴ መመርመር፣ እንግዲህ፣ ከቴአትር ቤት ውጭም የሚያስተምረን ነገር ይኖረዋል።

ቃሉና ጽንሰ ሐሳቡ

ምዕራባውያን ኢምፕሮቫይዜሽን የሚሉትን በዚህ ጽሑፍ «ድንገቴ ፈጠራ» ብለን እንጠራዋለን። ተዋናዩ አስቀድሞ የተጻፈ ቃል ሳይኖረው፣ በተወሰነ ሁኔታ ውስጥ ገብቶ፣ ከባልደረባው ጋር እየተሰጣጠ ቃልንና ድርጊትን በዚያው ቅጽበት የሚፈጥርበት አሠራር ማለት ነው። ሁለት ዓይነት አጠቃቀም እንዳለው መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በተመልካች ፊት የሚቀርበውና ራሱ ትርኢት የሆነው ነው፤ በአብዛኛው ለሳቅ ይውላል። ሁለተኛው በልምምድ ክፍል ውስጥ ብቻ የሚኖረውና ተመልካች ከቶ የማያየው ነው። ይህኛው ቤት ሲሠራ እንደሚቆመው መወጣጫ ነው፤ ቤቱ ሲያልቅ ይነሳል፤ ያለ እርሱ ግን ግድግዳው አይቆምም። የእኛ ትኩረት በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድንገቴ ማለት ሥርዓት የለሽ ማለት አይደለም። ይህን ለአበሻ አንባቢ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃናውን በሁለት ቤት፣ መወድሱን በስምንት ቤት ገድቦ፣ ዜማውንና ምጣኔውን ጠብቆ፣ ከዚህ በፊት ያልተባለ ነገር ይናገራል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግም እንደ ሌባ ይቆጠራል። አስደናቂው ነገር፣ ይህን አዲስ ነገር ማምጣት ራሱ «ዘረፋ» መባሉ ነው፤ ቅኔ የሚዘረፍ እንጂ ተጠብቆ የሚደርስ አይደለም። ሕጉ በጠበቀ ቁጥር ፈጠራው ይሰላል።

በሀገር ቤት የነበረው ሥር

ድንገቴ ፈጠራን ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር አድርጎ የሚመለከት ሰው የራሱን ልጅነት የረሳ ነው። እቃ እቃ የተጫወተ ሕፃን ሁሉ ዋናውን መርሕ ያውቃል። አንዷ «እኔ እናት ልሁን» ስትል ሌላው «የለም፣ እናት አይደለሽም» ካለ ጨዋታው በዚያው ያበቃል። «እሺ፣ እኔ ከገበያ መጣሁ» ካለ ግን ቤት ተሠራ፤ ቤተሰብም ተፈጠረ። የዘመኑ የድንገቴ ፈጠራ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በብዙ ድካም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፤ ባልደረባህ የሰጠህን ተቀበል፣ ከዚያም ጨምርበት።

«ተቀበል» የሚለው ቃል ራሱ በአዝማሪ ቤት የታወቀ ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ተቀብሎ፣ አንዳንዴም የሰጪውን ሐሳብ በአንዲት ቃል ገልብጦ ይመልሳል። በጥንቱ የሙግት ሥርዓት፣ በበላ ልበልሃ፣ ተሟጋቹ የባላጋራውን ቃል ጆሮውን አቅንቶ ካላዳመጠ የሚመልሰው አያገኝም ነበር፤ የክርክሩ ኃይል ከባላጋራ አፍ በሚወጣው ቃል ላይ የተመሠረተ ነውና። ንጋት ላይ በየደጃፉ የሚያዜሙት ላሊበሎችም የባለቤቱን ስምና ሁኔታ ከጎረቤት አጠያይቀው፣ በዚያው ቅጽበት ለዚያ ቤት ብቻ የሚሆን ውዳሴ ይሠራሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ለገጸ ባሕርይ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የዛር ሥርዓት ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊና የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ ከዳካር ጅቡቲ ጉዞ ጋር በ1932 ጎንደር ደርሶ የዛር ባለቤቶችን በቅርብ ከተመለከተ በኋላ፣ በ1958 ባሳተመው ጥናት ሥርዓቱን ከቴአትር አንጻር መርምሮታል። የደረሰበት ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ዛር የያዘው ሰው አንድን የታወቀ ገጸ ባሕርይ፣ ከነአነጋገሩ፣ ከነልብሱና ከነፍላጎቱ ይለብሳል፤ ይሁን እንጂ የሚያደርገው ማስመሰል ነው ወይስ መሆን ነው የሚለው ጥያቄ በቀላሉ አይመለስም። ሌሪስ የሚተወን ቴአትርንና የሚኖሩት ቴአትርን ለይቶ መመልከቱ፣ ተዋናይ ሁሉ በየዕለቱ የሚገጥመውን ጥያቄ በሌላ መንገድ ማንሳቱ ነበር። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1979፣ ኪት ጆንስተን የተባለው እንግሊዛዊ የቴአትር መምህር ስለ ድንገቴ ፈጠራ ባሳተመው መጽሐፍ ከአራቱ ዋና ክፍሎች አንዱን ለጭምብልና ለመንፈስ መያዝ መስጠቱ ድንገት የሆነ ነገር አይመስልም።

ቴአትራችን ጽሑፍን ለምን አመነ?

ሥሩ ይህን ያህል የጠለቀ ከሆነ ዘመናዊው ቴአትራችን በተጻፈ ቃል ላይ ብቻ ተመሥርቶ ለምን አደገ? አንዱ ምክንያት ዘመናዊው ቴአትር የተወለደው በተማረ ሰው ብዕር መሆኑ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከሩሲያ ትምህርታቸው ተመልሰው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ሲያቀርቡ፣ ተውኔቱ በአውሬዎች ተረት የተሸፈነ የአስተዳደር ትችት ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መታገዱም ይታወቃል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ እንግዲህ፣ ቴአትር የቃል ጉዳይ፣ ቃልም የመንግሥት ጉዳይ ሆነ።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይከተላል። በንጉሠ ነገሥቱም ዘመን ሆነ በደርግ ዘመን ተውኔት ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ጽሑፉ በሳንሱር ዓይን ማለፍ ነበረበት። ጽሑፍ የሚመረመር፣ የሚሰረዝ፣ የሚፈረምበት ነገር ነው። ተዋናይ በቅጽበት የሚፈጥረው ቃል ግን አይመረመርም፤ ስለዚህ ይፈራል። ከጽሑፉ ውጭ አንዲት ቃል የጨመረ ተዋናይ ራሱን ብቻ ሳይሆን ደራሲውንም አዘጋጁንም ለአደጋ ያጋልጥ ነበር። ተስፋዬ ገሠሠ «እቃው» በተባለው ተውኔቱ ምክንያት ለእስር መዳረጉን ያስታወሰ ሰው፣ የተጻፈው እንኳ እንዲህ ካስከፈለ ያልተጻፈው ምን ሊያስከፍል እንደሚችል መገመት አያዳግተውም። ድንገቴ ፈጠራ በእኛ ዘንድ የጥበብ ዘዴ ከመሆኑ በፊት የደኅንነት ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ሲባል ታላላቅ ተዋንያን አልነበሩንም ማለት አይደለም። ሴቶች ወደ መድረክ ባልወጡበት ዘመን ተስፋዬ ሣህሉ፣ ኋላ ትውልድ ሁሉ «አባባ ተስፋዬ» ያለው አርቲስት፣ የሴት ገጸ ባሕርያትን ይጫወት ነበር፤ እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ጽኑ የሰው ልጅ ምልከታ አይሆንም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ ሲተርክ በድምፁ ብቻ አንድ ሙሉ ሀገር ሰው ፈጥሯል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1960 ገደማ ለጥናት ወደ ለንደኑ ሮያል ኮርት ቴአትር በሄደበት ዘመን፣ ከላይ የጠቀስነው ጆንስተን በዚያው ቴአትር ቤት የመጡ ተውኔቶችን እያነበበ ይሠራ ነበር። ጸጋዬ ግን በተመለሰ ጊዜ ሀገሩ ይበልጥ የፈለገው ታላቅ ቃልን ነበር፤ እርሱም ሰጠ። የእኛ መድረክ የቃል መድረክ የሆነው በድክመት ብቻ ሳይሆን በእንዲህ ያለ ብርታትም ጭምር ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1974 ሀገር ቤት ገብቶ ባለሙያ ካልሆኑ ሰዎች ጋር የቀረጸውና በ1976 ለዕይታ የበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደግሞ፣ የገበሬ ዝምታና አካሄድ ያለ ረጅም ንግግር ምን ያህል እንደሚናገር አሳይቶናል።

ዘዴው የመጣበት መንገድ

ለዛሬው አሠራር ዋናውን መሠረት የጣለው ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ (1863–1938) ነው። የሞስኮ አርት ቴአትርን በ1898 ከኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር ያቋቋመው ይህ ሰው፣ ተዋናይ ራሱን «በዚህ ሁኔታ ውስጥ እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብሎ እንዲጠይቅ አስተማረ። በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ደግሞ፣ ተዋንያን የተውኔቱን ቃል ከማጥናታቸው በፊት ድርጊቱን በራሳቸው ቃል እየፈጠሩ እንዲሞክሩት ያደርግ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቃሉን አስቀድሞ ያጠና ተዋናይ ምላሱ ይቀድማል፤ ሰውነቱና ፍላጎቱ ወደኋላ ይቀራሉ።

በአሜሪካ የተከተለው መንገድ ለእኛ ለስደተኞች ልዩ ትርጉም አለው። ቫዮላ ስፖሊን በ1920ዎቹ በቺካጎ ከኔቫ ቦይድ የጨዋታን ትምህርት ከተማረች በኋላ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ በመንግሥት የሥራ ፕሮግራም ሥር ከስደተኛ ቤተሰቦች ከመጡና ቋንቋቸው ከተለያየ ልጆች ጋር ትሠራ ነበር። በቃል ሊግባቡ የማይችሉትን በጨዋታ ለማግባባት የሠራቻቸው ልምምዶች በ1963 በመጽሐፍ ታተሙ፤ እስከ ዛሬም የዘርፉ መሠረት ናቸው። ዘዴው፣ እንግዲህ፣ የተወለደው ቋንቋ ከጎደላቸው ስደተኞች መካከል ነው። ልጇ ፖል ሲልስ በ1959 ሰከንድ ሲቲ የተባለውን ቡድን በቺካጎ ካቋቋሙት አንዱ ነበር።

እኛ በምንኖርበት በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢም ታሪኩ ቅርብ ነው። በ1963 በሳን ፍራንሲስኮ የተከፈተው «ኮሚቴው» የተባለ ቡድን በዴል ክሎስ መሪነት የረጅም ድንገቴ ትርኢት ቅርጽ ፈጠረ፤ «ሃሮልድ» የተባለው ይህ ቅርጽ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1967 ከኦክላንድ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በኮንኮርድ ከተማ ነው።

ለገጸ ባሕርይ ግንባታ ግን እጅግ የተሟላውን ምሳሌ የሰጠው እንግሊዛዊው የፊልም አዘጋጅ ማይክ ሊ ነው። ሊ ሥራውን ሲጀምር የተጻፈ ታሪክ አይኖረውም። እያንዳንዱ ተዋናይ በሕይወቱ የሚያውቃቸውን ሰዎች ይዘረዝራል፤ ከእነዚያ መነሻ ተደርጎ አዲስ ሰው ይቀረጻል፤ የዚህ ሰው የልደት ቦታ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ኀዘን ይሠራለታል፤ ከዚያ ለወራት በድንገቴ ፈጠራ ይኖራል። ጽኑው ሕግ ተዋናዩ ገጸ ባሕርይው ከሚያውቀው በላይ አለማወቁ ነው። በ2004 በወጣው «ቬራ ድሬክ» ፊልም ልምምድ ላይ፣ ቤተሰብ ሆነው የሚጫወቱት ተዋንያን እናታቸው በድብቅ ፅንስ የምታስወርድ ሴት መሆኗን አያውቁም ነበር። ፖሊስ ሆነው የሚጫወቱት ተዋንያን በር አንኳኩተው ሲገቡ ድንጋጤው ተመስሎ የመጣ ሳይሆን የሆነ ነበር። በፊልሙ የምናየው ተጽፎና ተጣርቶ የተቀረጸው ነው፤ ሥሩ ግን ያ ቅጽበት ነው።

አሠራሩ

ከእነዚህ ልዩ ልዩ መምህራን ልምድ ተውጣጥቶ ለአበሻ ተዋናይ በሚስማማ መልኩ ሲቀርብ፣ ሥራው በአምስት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፣ ሁኔታን መወሰን። «ደሃ ሴት ሁኚ» የሚል መመሪያ ማኅተም ነው። «ሰኔ ነው፤ ጣራው ያፈሳል፤ እንግዳ ይመጣል፤ ስኳሩ አልቋል» የሚለው ግን ሁኔታ ነው። ተዋናይዋ ድህነትን መጫወት አትችልም፤ ስኳር ፍለጋን ግን ትችላለች።

ሁለተኛ፣ ፍላጎትን መስጠት። ገጸ ባሕርይ ሁሉ ከፊቱ ካለው ሰው አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ፍላጎቱም በአንድ ግስ ሊነገር ይገባዋል፤ ማስማር፣ መደበቅ፣ ማስቀረት፣ ማባረር። ፍላጎት በሌለበት የሚደረግ ንግግር ንባብ ነው።

ሦስተኛ፣ ድርጊትን መያዝ። ስሜት በትእዛዝ አይመጣም፤ ሥራ ግን በትእዛዝ ይሠራል። አንዲት ተዋናይ ቡና እየቆላች ሳለ የልጇን መታሰር ትስማ። ቡናው ከምጣዱ ላይ ቢተው ያራል፤ እጇ መቁላቱን ሊያቋርጥ አይችልም። የእጇ እንቅስቃሴ መፍጠኑ ወይም መዘግየቱ ከማናቸውም ለቅሶ የበለጠ ይናገራል።

አራተኛ፣ ደረጃን መለየት። ጆንስተን እንዳስተማረው፣ ሁለት ሰዎች በተገናኙ ቁጥር አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ይላል፤ ድራማ ማለትም በአብዛኛው የዚህ ሚዛን መዋዠቅ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ተዋናይ ይህን በትከሻውና በዓይኑ ይፈልገዋል። የእኛ ቋንቋ ግን ደረጃን በሰዋስው ውስጥ አስቀምጦታል፤ «ና»፣ «ነይ»፣ «ይምጡ» ስንል ገና ከግሱ መጨረሻ ማን ከማን በላይ እንደሆነ ተናግረናል። በተጻፈ ተውኔት እነዚህ ቅርጾች አስቀድመው የተወሰኑ ናቸው። በድንገቴ ፈጠራ ግን ተዋናዩ በየዓረፍተ ነገሩ መምረጥ አለበት፤ ምርጫውም ገጸ ባሕርይውን ይገልጠዋል። በመኪና ማቆሚያ ስፍራ ጥበቃ ላይ የተሰማራ የቀድሞ ባለሥልጣንና ዛሬ ሀብት ያፈራ የቀድሞ ሹፌሩ ይገናኙ እንበል። ማን ማንን «እርስዎ» ይላል? ሹፌሩ በልማድ «እርስዎ» ሲል ባለሥልጣኑ ያፍራል፤ «አንተ» ቢለው ደግሞ ሁለቱም ይቆስላሉ። ደራሲ አንዲት መስመር ሳይጽፍ ተውኔቱ ተጀምሯል።

አምስተኛ፣ ማዳመጥ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ልማዱ ያልሆነ ተዋናይ ባልደረባው ሲናገር የራሱን ቀጣይ ቃል ያዘጋጃል። ሳንፎርድ ማይዝነር የተባለው አሜሪካዊ መምህር ሁለት ተማሪዎችን ፊት ለፊት አቁሞ አንዱን አጭር ዓረፍተ ነገር ደጋግመው እንዲመላለሱት ያደርግ የነበረው ይህን ልማድ ለመስበር ነው። ቃሉ አንድ ከሆነ የሚቀረው ሰውየውን መስማት ብቻ ነውና።

እነዚህ አምስቱ ከተሠሩ በኋላ የተገኘው ይመዘገባል፤ ይጣራል፤ ወደ ጽሑፉ ይመለሳል። ተዋናዩ አሁን የደራሲውን ቃል ሲያጠና ቃሉ የሚያርፍበት ሰው አግኝቷል።

አንድ ምሳሌ ከዩኒየን ሲቲ

ከኦክላንድና ከሳን ሆዜ መካከል የምትገኘው ዩኒየን ሲቲ ከሁለቱም አቅጣጫ ለሚመጡ ሰዎች እኩል የምትደረስ ስለሆነች፣ ጥቂት የቴአትር ወዳጆች እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ቤት ሳሎን እየተሰበሰብን ስለ ቀይ ሽብር ዘመን የተጻፈ አንድ አጭር ተውኔት እናነብ ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው፤ አንዲት እናት የታሰረ ልጇን ለመጠየቅ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ትሄዳለች፤ ካድሬው ያመናጭቃታል፤ ትመለሳለች። ካድሬውን የሚያነበው ሰው በወጣትነቱ በዚያው ዘመን የታሰረ ነበር። በንባቡ ሁሉ ይጮኻል፤ ጠረጴዛ ይመታል፤ እናቲቱን «አንቺ ሴትዮ» ይላታል። ጽሑፉም የሚለው ይህንኑ ነበር። ድምፁ ሳሎኑን ይሞላል፤ ነገር ግን ማናችንም አልፈራንም።

አንድ ቀን ጽሑፉን አስቀምጠን ሁኔታውን ብቻ ወሰድን። ሦስት ነገሮች ተጨመሩ። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ነው፤ ካድሬው ከመምሸቱ በፊት የስም ዝርዝር አጠናቆ ማስረከብ አለበት፤ ሴትየዋ ደግሞ በልጅነቱ በጎረቤትነት እጇን የበላላት ሴት ናት። የዚህን የመጨረሻውን ነገር ትርጉም ማንም አላብራራለትም። እርሱ ወረቀት ላይ እየጻፈ ሳለ ሴትየዋ ገባች። ቀና አለ። ጩኸቱ አልመጣም። ከመቀመጫው በከፊል ተነሣና፣ «እትዬ፣ ይቀመጡ» አለ። ከዚያም ወረቀቱን በክንዱ ሸፈነ።

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ሴትየዋ ስለ ልጇ ጠየቀች። እርሱ ስለ ጤናዋ ጠየቀ። ደግማ ጠየቀች፤ እርሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ነገ ስንቅ ይዘው አይምጡ» አላት። ሌላ ቃል አልተጨመረም። ልጁ እንደማይኖር ሁላችንም ገባን። በ«እርስዎ» የተነገረው ከ«አንቺ»ው ይልቅ አስፈሪ ነበር፤ ምክንያቱም የተናገረው አውሬ ሳይሆን ያደገበትን ደጃፍ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ተዋናዩ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ የተናገረው ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ያሰሩትን ሰዎች እስከዚያ ቀን እንደ አውሬ ሲያስባቸው መኖሩ ለእርሱ ዕረፍት እንደነበር፣ አሁን ግን አንዱ እንዲያውም ወንበር ስቦ እንዳስቀመጠው ማስታወሱን ነገረን። ይህ ይቅርታ አልነበረም፤ እርሱም ይቅርታ ነው አላለም። ጥፋቱ እንዲያውም ከበደ። አውሬ ሲበላ ተፈጥሮው ነው፤ «እትዬ» እያለ የሚያስገድል ሰው ግን የመረጠ ሰው ነው። የሚታመን ገጸ ባሕርይ መገንባት ጥፋተኛን ማቅለል ነው የሚለው ስጋት በብዙዎቻችን ዘንድ አለ፤ ያን ቀን ያየነው ተቃራኒውን ነበር።

ጥንቃቄዎችና ገደቦች

ይህ ተሞክሮ ከጥቅሙ ጋር አደጋውንም ያሳያል። ቁስል ያለበትን ሰው ወደ ቁስሉ መመለስ የቴአትር ሥራ አይደለም። ስታኒስላቭስኪ ራሱ ተዋናይ የራሱን ያለፈ ስሜት እንዲቀሰቅስ ከማድረግ ይልቅ በዕድሜው መጨረሻ ወደ አካላዊ ድርጊት ያዘነበለ ሲሆን፣ የልምምዱ መሪ ሁልጊዜ ሊያስበው የሚገባ ነገር ነው። ማንም «በቃኝ» ሲል ልምምዱ ይቆማል፤ ከልምምዱ በኋላም ሰው ወደ ራሱ ስም እስኪመለስ ድረስ በቂ ጊዜ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው አደጋ ቀልድ ነው። በድንገቴ ፈጠራ የመጀመሪያው የሚመጣው ቃል ብዙውን ጊዜ የሚያስቅ ነው፤ ሳቅም ከእውነት የሚያመልጡበት በር ይሆናል። ሦስተኛው በተለይ ለእኛ ለተማርነው የሚነገር ነው፤ አብዝቶ መናገር። ምሁር ተዋናይ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ገጸ ባሕርይውን ትቶ አቋሙን ማስረዳት ይጀምራል። መድኃኒቱ ቃልን መከልከል ነው። ስፖሊን ያዘጋጀችው ትርጉም በሌለው ድምፅ ብቻ የመነጋገር ጨዋታ ለዚህ ይጠቅማል። በዚሁ ጨዋታ ላይ እዚህ ተወልደው አማርኛ የሚሰሙ ግን ለመናገር የሚያፍሩ ወጣቶች ከእናትና ከአባቶቻቸው እኩል ሆነው ይጫወታሉ፤ ብዙ ጊዜም ይበልጧቸዋል።

በመጨረሻም ድንገቴ ፈጠራ የደራሲን ቦታ አይተካም። የጸጋዬን የመሰለ የተመጠነ ቃል ተዋናይ በራሱ ቃል ሊለውጠው አይገባም። ዘዴው የሚሠራው በቃሉ ዙሪያ ነው፤ ገጸ ባሕርይው ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት የት ነበር? ከወጣ በኋላስ ወዴት ይሄዳል? በተጻፉት ትዕይንቶች መካከል ያልተጻፈው ሕይወቱ ምን ይመስላል? እነዚህን በድንገቴ የኖረ ተዋናይ የደራሲውን ቃል ሳይነካ ሙሉ ያደርገዋል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው፣ በድንገቴ ፈጠራ ገጸ ባሕርይን መገንባት ሁኔታን ማጥበብ፣ ፍላጎትን መስጠት፣ ድርጊትን መያዝ፣ ደረጃን መለየትና ማዳመጥ ነው። አንዱም ለባህላችን እንግዳ አይደለም። የቅኔ ቤቱ፣ የሙግቱ አደባባይ፣ የአዝማሪው ቤትና የልጆች እቃ እቃ አስተምረውናል፤ የሳንሱር ፍርሃት ግን ከመድረካችን አርቆታል። ዛሬ በስደት ያለው የቴአትር ሰው ያ ሳንሱር የለበትም። የቀረው ሳንሱር በራሱ ውስጥ ያለው ነው፤ ስለ ትናንቱ ሰው አስቀድሞ የወሰነው ፍርድ።

መኢሶንም ይሁን ኢሕአፓ፣ ደርግም ይሁን ከዚያ በኋላ የመጣው፣ በየጽሑፋችን የሚገኙት ሰዎች አብዛኛዎቹ በማኅተም የተመቱ ናቸው። ታሪክ ጸሐፊው በሰነድ፣ ሶሲዮሎጂስቱ በጥናት ይህን ያርም ይሆናል። ተዋናዩ የሚያርመው ግን በሌላ መንገድ ነው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሰውየው ሲገባ ቀና ብሎ አይቶ፣ የሚለውን እስኪሰማ ድረስ ምን እንደሚመልስ ባለማወቅ።